ወይን ጠጁ ቀለም ሲጠፋ፦ ስለ ሬት ሎው ላብ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የክሪስታል ቫዮሌት (ወይን ጠጅ ቀለም) የላብራቶሪ ሙከራ፣ ማለትም ላብ፣ ሲደርስ የሚመጡት ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት ብዙም አይለያዩም። ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ውሃ ከሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጋር ይቀላቀላል። በደቂቃዎች ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል። ከዚያ «ሬት ሎውን አውጡ» ይባላል። መቀላቀሉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚጨነቀው ከዚያ በኋላ ባለው ነው። መልሶቹ የተጻፉት ጎንደር ላይ ሆነው ለሚሠሩ ነው። የክፍሉ ሙቀት፣ የመብራቱ ነገር፣ ከፋርማሲ የሚገኘው ብልቃጥ ሁሉ ውጤቱን ይነካዋል።

ለመሆኑ ሬት ሎው ምንድን ነው?

የሪአክሽኑን ፍጥነት ከኮንሰንትሬሽን (ፈሳሹ ውስጥ ካለው የንጥረ ነገሩ መጠን) ጋር የሚያያይዝ ቀመር ነው። ለዚህ ላብ እንዲህ ይጻፋል፦

ፍጥነት = ኬ × (የቀለሙ ኮንሰንትሬሽን በ«ሀ» ኃይል) × (የሃይድሮክሳይዱ ኮንሰንትሬሽን በ«ለ» ኃይል)

ሀ እና ለ ኦርደር ይባላሉ። ኬ ደግሞ የፍጥነቱ ቋሚ ቁጥር ነው። ሥራችሁ እነዚህን ሦስቱን ማግኘት ነው። ሌላው ሁሉ ለነሱ መንገድ ነው።

ኢኩዌሽኑ 1 ለ 1 ነው (አንድ ቀለም ከአንድ ሃይድሮክሳይድ ጋር)። ታዲያ ሀ እና ለ 1 ናቸው ብዬ ብጽፍ ምን ችግር አለው?

እዚህ ላብ ላይ መልሱ ይገጥምላችኋል። ችግሩም ይኸው ነው። በአጋጣሚ ስለገጠመ ብዙ ሰው «ኦርደር ማለት ባላንስ የተደረገው ኢኩዌሽን ላይ ያለው ቁጥር ነው» ብሎ ይወጣል። አይደለም።

ናይትሮጂን ዳይኦክሳይድን ከካርቦን ሞኖክሳይድ ጋር ውሰዱ። ኢኩዌሽኑ እዚያም 1 ለ 1 ነው። ሙቀቱ ከ225 ዲግሪ ገደማ በታች ሲሆን ግን ፍጥነቱ በናይትሮጂን ዳይኦክሳይዱ ሁለተኛ ኦርደር ነው። በካርቦን ሞኖክሳይዱ ዜሮ ነው፤ ብትጨምሩትም ፍጥነቱ አይንቀሳቀስም። ይህን ኢኩዌሽኑን በማየት ብቻ የሚያውቅ ሰው የለም። ተለክቶ ነው የተገኘው። እ.ኤ.አ. በ1850 ጀርመናዊው ሉድቪግ ቪልሄልሚ ስኳር በአሲድ ውስጥ ሲፈርስ በፖላሪሜትር (ስኳሩ ብርሃንን ምን ያህል እንደሚያዞር በሚለካ መሣሪያ) የተከታተለውም እንዲሁ ነበር። እያንዳንዱን ንባብ በሰዓት መዘገበ፣ ፍጥነቱ በቀረው ስኳር ልክ እንደሚቀንስ አሳየ። እናንተም የምትሠሩት ያንኑ ነው፤ ስኳሩ በቀለም ተተካ እንጂ።

ቀለሙ የት ነው የሚሄደው?

የትም አይሄድም። ሞለኪውሉ መሃል ላይ አንድ ካርቦን አለ፤ ሦስት ቀለበቶች ተያይዘውበታል። ኤሌክትሮኖቹ በሦስቱም ቀለበቶች ላይ እንደልባቸው ስለሚዘዋወሩ ሞለኪውሉ 590 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ቢጫማ ብርሃን ይውጣል። ለዓይናችን ወይን ጠጅ ሆኖ የሚታየን ለዚህ ነው። ሃይድሮክሳይዱ መጥቶ መሃሉ ካርቦን ላይ ሲለጠፍ ያ መተላለፊያ ይቋረጣል። ሞለኪውሉ እዚያው አለ፤ የሚታየውን ብርሃን መዋጥ ግን አቁሟል።

ሜዲካል ላብራቶሪ የምትማሩ ይህን ቀለም ቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። በግራም ስቴይን የመጀመሪያው ቀለም ነው።

ሃይድሮክሳይዱ ለምን ያን ያህል ይበዛል? እኩል እኩል ብናደርገውስ?

እኩል ከሆነ ሁለቱም አብረው ይቀንሳሉ። የፍጥነቱ መቀነስ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ይቸግራል። ስለዚህ አንዱን እናበዛዋለን። ከጣና አንድ ጆግ ውሃ ቢቀዳ ጣና ጎደለ አይባልም፤ ሃይድሮክሳይዱም እንደዚያ ነው።

በቁጥር እንየው። ከተቀላቀለ በኋላ ሃይድሮክሳይዱ 0.02 ሞላር (ሞል በሊትር)፣ ቀለሙ 0.00001 ሞላር ነው እንበል። ሃይድሮክሳይዱ በ2,000 እጥፍ ይበልጣል። ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ቢያልቅ እንኳ ከሃይድሮክሳይዱ የሚቀንሰው 0.05 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ እንደ ቋሚ ቆጥረን ከኬ ጋር እንጠቀልለዋለን። የተጠቀለለው ቁጥር «ኬ ኦብዘርቭድ» ይባላል። የቀረው ተለዋዋጭ ቀለሙ ብቻ ነው። ሱዶ ፈርስት ኦርደር የሚሉት ይህንን ነው።

ስሌቱን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንዴ ብታሳዩንስ?

እሺ። ቁጥሮቹ ለልምምድ የተሰሉ ናቸው፤ የማንም የላብ ዳታ አይደሉም።

ጠርሙሱ ላይ ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱ 0.04 ሞላር፣ ቀለሙ 0.00002 ሞላር ይላል። ከእያንዳንዱ 10 ሚሊሊትር ወስዳችሁ ቀላቀላችሁ። እዚህ ላይ ቁሙ። አሁን ያላችሁ 20 ሚሊሊትር ነው። ሁለቱም በግማሽ ቀጥነዋል፦ 0.02 እና 0.00001። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ቁጥር ቀመር ውስጥ መክተት የዚህ ላብ ቁጥር አንድ ስህተት ነው። ሪፖርቱ ሙሉ በሙሉ አምሮ ኬ በትክክል በግማሽ ወይም በእጥፍ ከሳተ፣ መጀመሪያ እዚህ ፈልጉ።

በ1 ሴንቲሜትር ኪውቬት (የናሙና መያዣ ብልቃጥ) የተነበበው አብዞርባንስ እንዲህ ነው (አብዞርባንስ ናሙናው ምን ያህል ብርሃን እንደዋጠ የሚያሳይ ቁጥር ነው፤ ከቀለሙ ኮንሰንትሬሽን ጋር ስለሚመጣጠን በሱ ቦታ እንጠቀምበታለን)፦

በ0 ሰከንድ 0.870
በ60 ሰከንድ 0.727
በ120 ሰከንድ 0.607
በ180 ሰከንድ 0.507
በ240 ሰከንድ 0.423
በ300 ሰከንድ 0.354

የእያንዳንዱን ናቹራል ሎግ (ካልኩሌተር ላይ ln) ውሰዱ። የመጀመሪያው −0.139፣ የመጨረሻው −1.038 ይመጣል። ልዩነቱ −0.899 ነው። ለ300 ሲካፈል −0.0030። ምልክቱን ገልብጡትና ኬ ኦብዘርቭድ 0.0030 በሰከንድ ነው። (በሪፖርታችሁ ላይ ከሁለት ነጥብ ሳይሆን በሁሉም ነጥቦች ከሚያልፈው መስመር ስሎፑን (የመስመሩን ዘንበል) አውጡ።)

ግማሽ ዕድሜው (ቀለሙ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 0.693 ለ0.0030 ሲካፈል 231 ሰከንድ ነው። ወደ ንባቡ ተመልሳችሁ አመሳክሩ። የ0.870 ግማሽ 0.435 ነው፤ በ180 እና በ240 ሰከንድ መሃል፣ ወደ 240 ተጠግቶ ይገኛል። ገጥሟል። ይህች ማመሳከሪያ ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም፤ ካልኩሌተር ላይ የተሳተ ቁልፍ ካለ ወዲያው ታሳብቃለች።

ኬን ለማግኘት 0.0030ን ለ0.02 አካፍሉ፦ 0.15። አሃዱ «በሞላር በሰከንድ» ነው፤ ሁለቱም በታች፣ ማለትም 1 ለ(ሞላር × ሰከንድ)። ይህ ግን የሃይድሮክሳይዱ ኦርደር 1 ከሆነ ነው። እሱን ገና አላረጋገጣችሁም።

ሦስቱንም ግራፎች ሳልኩ፤ ሦስቱም ቀጥ ያሉ ይመስላሉ። የቱን ልመን?

ምናልባት ቶሎ አቁማችሁ ይሆናል። አብዞርባንስ በጊዜ ቀጥ ካለ ዜሮ ኦርደር፣ ናቹራል ሎጉ ቀጥ ካለ አንደኛ፣ 1 ለአብዞርባንስ ሲካፈል ቀጥ ካለ ሁለተኛ ኦርደር ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያስተውሉት፣ ማንኛውም ጎባጣ መስመር ትንሹን ክፍል ብቻ ቆርጠህ ካየኸው ቀጥ ያለ እንደሚመስል ነው።

ከላይ ያለውን ሪአክሽን ቀለሙ ግማሽ እስኪሆን ብቻ ብትከታተሉት፣ የተሳሳተው የዜሮ ኦርደር መስመር እንኳ 0.99 ገደማ አር ስኩዌር (ነጥቦቹ መስመሩን ምን ያህል እንደገጠሙ የሚያሳይ ቁጥር፤ ፍጹም ሲገጥሙ 1) ይሰጣችኋል። ኤክሴል ላይ ይህን ያየ ሰው «አሪፍ ነው» ብሎ ሊዘጋው ይችላል። እስከ ሦስት ግማሽ ዕድሜ ብትቀጥሉ ግን ያው መስመር ወደ 0.93 ይወርዳል፤ የናቹራል ሎጉ ግን ቀጥ እንዳለ ይቆያል። ለምሳሌያችን ሦስት ግማሽ ዕድሜ ማለት 12 ደቂቃ ያህል ነው። ታገሡ።

ደግሞ አር ስኩዌርን ብቻ አትመኑ። ነጥቦቹ ከመስመሩ በላይና በታች ተበታትነው ከሆነ ጥሩ ነው። ዳርና ዳር ያሉት ከላይ፣ መሃል ያሉት ከታች ከሆኑ መስመሩ እየጎበጠ ነው፤ አር ስኩዌሩ ምንም ቢል። መጨረሻ ላይ አብዞርባንሱ ከ0.05 በታች ሲሆን ናቹራል ሎጉ መወናበድ ይጀምራል። እዚያ ያሉትን ነጥቦች መተው ይቻላል፤ መተዋችሁን ግን ጻፉ።

ከቀላቀልኩ በኋላ ሰዓቱን ዘግይቼ ጀመርኩ። ላቡ ተበላሸ?

አልተበላሸም። አንደኛ ኦርደር ላይ ስሎፑ መቼ መቁጠር እንደጀመራችሁ አይጠይቅም። 20 ሰከንድ ብትዘገዩ መስመሩ እንዳለ ይንሸራተታል እንጂ አይጋደምም። የቀለሙን ትክክለኛ ኮንሰንትሬሽን ባታውቁም እንዲሁ ነው። ኢንተርሴፕቱ (መስመሩ በዜሮ ሰዓት ላይ የሚያርፍበት ቁጥር) ይቀየራል፣ ስሎፑ አይነካም።

ስለዚህ ጥንቃቄያችሁን ቀለሙ ላይ አትጨርሱ። ሃይድሮክሳይዱ ላይ አድርጉት። እሱ ኬን ለማግኘት የምታካፍሉበት ቁጥር ነው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ከአየር ላይ እርጥበትም ካርቦን ዳይኦክሳይድም ይስባል። ከሳምንታት በፊት የተዘጋጀ ጠርሙስ ላይ የተጻፈው ቁጥር ልማድ እንጂ ልኬት አይደለም። ከተቻለ በፖታሲየም ሃይድሮጂን ፍታሌት ታይትሬት አድርጋችሁ ትክክለኛ ቁጥሩን ለኩ።

የሃይድሮክሳይዱን ኦርደር እንዴት አገኛለሁ?

ሃይድሮክሳይዱን ብቻ ቀይራችሁ ደግማችሁ በመሥራት። 0.02 ላይ 0.0030፣ 0.04 ላይ 0.0059 አገኛችሁ እንበል። የኬ ኦብዘርቭዶቹ ጥምርታ 1.97 ነው፤ የኮንሰንትሬሽኖቹ 2። የመጀመሪያው ሎግ ለሁለተኛው ሎግ ሲካፈል 0.98 ይሆናል። ኦርደሩ 1 ነው።

በሁለት ነጥብ መስመር ሁልጊዜ ይሳላል፤ ስለዚህ ሁለት ሙከራ ምንም አያረጋግጥም ማለት ይቻላል። 0.01፣ 0.02፣ 0.03 እና 0.04 ብትሠሩ ኬ ኦብዘርቭድን በሃይድሮክሳይድ ላይ ስላችሁ የመስመሩን ስሎፕ ኬ ብላችሁ መውሰድ ትችላላችሁ። መስመሩ ዜሮ ላይ ካልገባና ትንሽ ከፍ ካለ አትደንግጡ። ሪአክሽኑ በመጠኑ ወደኋላም ይመለሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ብዙ የላብ መመሪያ ይዘለዋል። ቀለሙ ፖዘቲቭ ቻርጅ፣ ሃይድሮክሳይዱ ኔጌቲቭ ነው። በዙሪያቸው ሌሎች አዮኖች ሲበዙ የሁለቱ መሳሳብ ይላላና ሪአክሽኑ ዘገም ይላል። ሃይድሮክሳይዱን በእጥፍ ስታሳድጉ የአዮኑን ብዛትም አብራችሁ አሳደጋችሁ። ኦርደራችሁ ከ1 ትንሽ ዝቅ ብሎ የሚመጣው አንዱ በዚህ ነው። መፍትሔው ቀጭን በሆኑት ላይ ሶዲየም ክሎራይድ ጨምሮ ጠቅላላ ሶዲየሙን ማስተካከል ነው።

መጽሐፉ ላይ ያለው ኬ አልመጣልኝም። ቁጥሩን ላስተካክለው?

ኧረ በፍጹም። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩን እዩ።

መጽሐፍ ላይ የሚገኙት አብዛኞቹ ቁጥሮች ለ25 ዲግሪ ናቸው፤ ለዚህ ሪአክሽን 0.2 አካባቢ። ጎንደር በክረምት ጠዋት የላብ ክፍል 25 ዲግሪ አይሞላም። የሪአክሽኑ አክቲቬሽን ኢነርጂ (ሪአክሽኑ እንዲካሄድ የሚያስፈልገው ኃይል) 60 ኪሎጁል በሞል ቢሆን፣ ከ20 ወደ 25 ዲግሪ መሄድ ብቻ ኬን በ1.5 እጥፍ ያሳድገዋል። በነሐሴ 0.14 ያገኘ እና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ 0.2 ያገኘ፣ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ሙቀቱ ያልተጻፈበት ኬ ግን ለማንም አይጠቅም።

ሁለቱን ብልቃጦች ከመቀላቀላችሁ በፊት አንድ የውሃ ገንዳ ውስጥ አቆዩአቸው። ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ሲሟሟ ይሞቃል። አሁን የተዘጋጀውን ትኩሱን አምጥቶ መቀላቀል ሙሉ ልፋቱን ገደል ይከተዋል።

ቁጥር ማስተካከል ጥቅሙ ምን እንደሆነም አይገባኝም። «20 ዲግሪ ላይ 0.14፤ ለ25 ዲግሪ ከተሰጠው ያነሰ ነው፣ ልዩነቱም በሙቀቱ ይገለጻል» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከመጽሐፉ ቁጥር ገልብጦ ካመጣው የተሻለ ኬሚስትሪ አውቋል።

ጎንደር ከፍታ ላይ ናት። ያ ሪአክሽኑን ይነካዋል?

ይህኛውን አይነካም። ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ነው፤ የአየር ግፊቱ ትንሽ መቀነስ ለውጥ አያመጣም። የሚነካው የሚፈላ ውሃን እንደ 100 ዲግሪ ቆጥራችሁ ከተጠቀማችሁ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር በሚያልፈው ከፍታችን ውሃ 93 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል።

መሃል ላይ መብራት ጠፋ። ከመጀመሪያ ልጀምር?

የግድ አይደለም። ሪአክሽኑ መብራት አይጠብቅም፤ ኪውቬቱ ውስጥ መሄዱን ይቀጥላል። እናንተም የስልካችሁን ሰዓት አታቁሙ። መብራቱ ሲመለስ የስፔክትሮፎቶሜትሩ (አብዞርባንስ የሚለካው መሣሪያ) አምፖል እስኪረጋጋ ታገሡ። ቀለም በሌለበት ባዶ ናሙና ዜሮ አድርጉት። ከዚያ ቀለም ከቀረ ማንበቡን ቀጥሉ። ግራፉ ላይ መሃል ክፍተት መኖሩ መስመሩን አያበላሸውም። የሚያበላሸው ክፍተቱን በግምት መሙላት ነው።

ስፔክትሮፎቶሜትር የለንም። በስልክ ካሜራ ይሆናል?

ለሁለተኛ ደረጃ ክፍል በደንብ ይሆናል። ከኋላ ነጭ ወረቀት፣ ቋሚ ብርሃን፣ ቦታውን የማይቀይር ስልክ። ኤክስፖዠሩንና ዋይት ባላንሱን ቆልፉ፤ ካልቆለፋችሁ ካሜራው «ላሳምርላችሁ» ብሎ ልኬቱን ይገለብጠዋል። ከፎቶው ላይ የቀዩን ወይም የአረንጓዴውን ቻናል ቁጥር አንብቡና ለውጡ ጎልቶ የሚታይበትን ያዙ። የባዶውን ውሃ ቁጥር ለናሙናው ቁጥር አካፍሉ፤ የውጤቱ ሎግ አብዞርባንስን ይተካላችኋል። ካሜራ ብርሃንን በቀጥታ ጥምርታ ስለማይመዘግብ፣ ቀድማችሁ መጠናቸው በሚታወቅ ቅጥነቶች ፈትኑት።

የመስኮት ብርሃን አትጠቀሙ። ደመና ባለፈ ቁጥር የውሸት ሪአክሽን ታያላችሁ።

ከፋርማሲ የሚገዛው ጂቪ (ጄንሺያን ቫዮሌት) ይሠራል? በረኪናስ?

ጂቪ ይሠራል። ዋናው ነገሩ ክሪስታል ቫዮሌት ነው። 0.5 በመቶ የሚል ከሆነ 0.012 ሞላር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሊትሩ 600 ሚሊሊትር ሲሞላ ወደ 0.00002 ይጠጋል። ሌሎች ተመሳሳይ ቀለሞች ሊኖሩበት ስለሚችሉ ለልምምድና ለማሳያ ተጠቀሙበት። ልብስ ላይ ከፈሰሰ ግን ቻው በሉት።

በረኪና ሌላ ሪአክሽን ነው። የምግብ ቀለምን በኦክሲዴሽን ያጠፋል፤ ዘዴው ግን አንድ ነው፦ በረኪናውን አብዝቶ ቀለሙን መከታተል። ሁለት ጣጣ አለው። ፍጥነቱ በፒኤች ይለዋወጣል፤ ሱቅ ፀሐይ ላይ የከረመ በረኪናም ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ኃይል የለውም። ስለዚህ የቀለሙን ኦርደር ታገኙበታላችሁ፤ ኬውን ብዙ አትመኑት። በረኪናን ከአሲድ፣ ከሎሚም ቢሆን፣ በጭራሽ አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ኪውቬቱ ወይን ጠጅ ሆኖ ቀረ፤ ባዶውም ያነባል።

ቀለሙ ፕላስቲክና መስታወት ላይ ይለጠፋል። በአልኮል ወይም በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በተጣራ ውሃ እጠቡት። በየሙከራው መሃል ማጠብ ይሻላል፤ ካልሆነ አብዞርባንሱ ዜሮ ሳይደርስ ይቆምና የናቹራል ሎጉ ግራፍ መጨረሻው ላይ ይጎብጣል።

ሬት ሎውን ካገኘሁ ሜካኒዝሙን አረጋገጥኩ ማለት ነው?

አይደለም። በሁለቱም አንደኛ ኦርደር መሆኑ «አንድ ቀለምና አንድ ሃይድሮክሳይድ ተጋጭተው» ከሚለው ሐሳብ ጋር ይስማማል። ሌላ ሜካኒዝምም ተመሳሳይ ቀመር ሊሰጥ ይችላል። «ይስማማል» ብላችሁ ጻፉ፤ «ያረጋግጣል» አትበሉ።

የቀረውን የት ልድፋው?

ማስወገጃ ተብሎ የተቀመጠ ዕቃ ውስጥ። ቀለሙ ጠፋ ማለት ንጹሕ ውሃ ሆነ ማለት አይደለም። ሃይድሮክሳይዱ እንዳለ ነው። ቀለሙም ፒኤቹ ሲወርድ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፤ ለውሃ ውስጥ ሕይወትም መርዛማ ነው። ከቧንቧ ሥር ያለው መንገድ መጨረሻው ወንዝ ነው፤ ቀሃም ሆነ አንገረብ ይህን አይፈልጉትም። መነጽሩን ደግሞ ዕቃ ታጥቦ እስኪያልቅ አታውልቁ፤ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ዓይን ውስጥ የሚረጨው ብዙ ጊዜ ሰው «ጨርሻለሁ» ባለ ሰዓት ነው። ከነካችሁ ሳትነጋገሩ ወደ ቧንቧው፤ ቢያንስ 15 ደቂቃ በሚፈስ ውሃ እየታጠባችሁ ቆዩ፣ ከዚያ ሐኪም ጋ።